የአጋምና የእንጆሪ ፍሬ፦ ስለ አንቲኦክሲዳንት የሚባለውና ምርምር ያሳየው



የዛሬው ንግግሬ እንጆሪን፣ አጋምንና የመሳሰሉትን ትንንሽ ፍሬዎች አዘውትሮ መመገብ ለጤና ይሰጣል ስለሚባለው ጥቅም፣ በተለይም «አንቲኦክሲዳንት» ስለሚለው ቃል ነው። ይህን ርዕስ እንድመርጥ ያደረጉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ከራሳችን ቤት ይነሣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ ከማነባቸው ሥራዎች ብዙዎቹ የአንድ አገር በቀል ፍሬ ወይም ቅጠል የአንቲኦክሲዳንት አቅም የሚለኩ ናቸው። የላቦራቶሪው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ቁጥሮቹም ይታመናሉ። ችግሩ የሚመጣው በመደምደሚያው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «ስለዚህ ይህ ፍሬ ለስኳር በሽታ፣ ለካንሰርና ለልብ ሕመም መድኃኒት ሊሆን ይችላል» ይላል። ያ ዐረፍተ ነገር በመደርደሪያ ላይ አይቀርም፤ ከጥራዙ ወጥቶ ገበያ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ይኸው ገበያ ነው። በሶዶ የማውቃቸው አንድ አዛውንት የስኳር ሕመም መድኃኒታቸውን ትተው ሁለት ወር ሙሉ «በአንቲኦክሲዳንት የበለፀገ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሐምራዊ ዱቄት በውኃ እየበጠበጡ ጠጡ። የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የደማቸው ስኳር መሣሪያው ሊያነበው ከሚችለው በላይ ሆኖ ተገኘ። ለዱቄቱ የከፈሉት ገንዘብ የቤተሰባቸውን የወር አስቤዛ የሚሸፍን ነበር።

የማስረዳው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ እነዚህ ፍሬዎች ለጤና ይጠቅማሉ፤ የሚጠቅሙበት መንገድ ግን በማስታወቂያ ከሚነገረው የተለየ ነው። መንገዱን ስንስት ፍሬውን ከአጥራችን ላይ እየቆረጥን ጥለን ዱቄቱን እንገዛለን።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። እንጆሪ የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ነገር ይዟል። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር በትንንሽ ዕቃ የሚሸጠው የአትክልት ቦታ እንጆሪ ነው፤ በደጋው ጥላ ሥርና በጅረት ዳር የሚበቅለው እሾሃማ ሐረግ ደግሞ የዱር እንጆሪ ነው። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ቢሆኑም ዝርያቸው የተለያየ ነው። የእጽዋት ሳይንስ በበኩሉ «ቤሪ» ለሚለው ቃል የራሱ ጥብቅ ትርጉም አለው፤ በዚያ ትርጉም ቲማቲምና ሙዝ ቤሪ ሲሆኑ እንጆሪ አይደለም። ይህ ለፈተና ይጠቅማችኋል እንጂ ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልግም። እኔ የምለው በእጅ ተለቅሞ ሙሉውን ስለሚበላ፣ ባለ ቀለምና ኮምጠጥ ወይም ጣፈጥ ስላለ ትንሽ ፍሬ ሁሉ ነው።

በዚህ አነጋገር አገራችን ድሃ አይደለችም። አጋም ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው። ዶቅማም እንዲሁ ሐምራዊ ነው። ኮሸም ብርቱካናማ ቢጫ ሆኖ ምላስን የሚያኮማትር ኮምጣጣ ነው፤ በውጭ አገር መጻሕፍት የአቢሲኒያ ጉዝቤሪ ይሉታል። ቀጋ የዱር ጽጌረዳችን ነው፤ ቀይ ፍሬው በልጆች ዘንድ የታወቀ ነው። እንኮይም አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እሾሃም በመሆናቸው አጥር ሆነው ኖረዋል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቃለን፤ ከአጋም የተረፈን ትዝታ እሾሁ መሆኑ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ኦክሲዴሽን ማለት አንድ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ማጣቱ ነው። ምስማር ሲዝግ፣ የተቆረጠ ሙዝ ሲጠቁር፣ የቆየ ቅቤ ሲበላሽ የምናየው እርሱን ነው። በሰውነታችን ውስጥም ምግብ ወደ ኃይል ሲለወጥ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጥቂቱ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሞለኪውል ፍሪ ራዲካል እንለዋለን። ጥንዱን ለመሙላት ከስብ፣ ከፕሮቲን ወይም ከዘር ቅንጣት ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። አሜሪካዊው ዴንሃም ሃርማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ እርጅና የዚህ ንጥቂያ ክምችት ውጤት ነው የሚል መላ ምት አቀረበ። አንቲኦክሲዳንት የምንለው እንግዲህ ራሱ ሳይናጋ ኤሌክትሮን በመስጠት ይህን ሰንሰለት የሚያቋርጥ ንጥረ ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ አንዱ ነው፤ ቫይታሚን ኢ ሌላው ነው፤ ለአጋምና ለዶቅማ ሐምራዊነትን የሚሰጠው አንቶሳያኒን የተባለው ፖሊፌኖልም በብልቃጥ ውስጥ ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል።

«በብልቃጥ ውስጥ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ተማሪዎቻችን የሚጠቀሙበት ዋናው መለኪያ ዲፒፒኤች ይባላል። ዲፒፒኤች ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ የሚቆይ፣ ጥልቅ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሰው ሠራሽ ራዲካል ነው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ጭማቂው በዲፒፒኤች ላይ ሲጨመር ወይን ጠጅ የነበረው ወደ ቢጫ ይለወጣል። በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ላይ የቀለሙ መቀነስ ይለካል። ቀለሙን በግማሽ ለመቀነስ ያስፈለገው መጠን ባነሰ ቁጥር ፍሬው «ጠንካራ» ይባላል። ሙከራው ርካሽ፣ ፈጣንና ውብ ነው። ይሁን እንጂ ዲፒፒኤች በማንም ሰው አካል ውስጥ የለም፤ ፍሬን በሜታኖል ዘፍዝፎ የሚበላ ሰውም የለም። ጠቅላላ ፖሊፌኖልን ለመለካት የምንጠቀምበት የፎሊን ሲዮካልቱ ዘዴም ቢሆን ቫይታሚን ሲንና አንዳንድ ስኳሮችን ጭምር ይቆጥራል፤ በቫይታሚን ሲ የተሞላ ፍሬ በዚህ ዘዴ ብቻ ከተለካ በፖሊፌኖል የከበረ መስሎ ይወጣል። እነዚህ መለኪያዎች ሁለት የአጋም ናሙናዎችን ለማወዳደር፣ የአደራረቅ ዘዴ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ይጠቅማሉ። ከዚያ አልፈው ስለ በሽታ እንዲናገሩ ማስገደድ አይገባም።

ይህ የእኔ የግል ጥብቅነት አይደለም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ኦራክ በተባለ ተመሳሳይ መለኪያ የብዙ ምግቦችን ውጤት በሠንጠረዥ አውጥቶ ነበር። የምግብና የእንክብል ኩባንያዎች ቁጥሩን በማሸጊያቸው ላይ ማተም ያዙ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሠንጠረዡን ከድረ ገጹ አነሣ፤ የሰጠውም ምክንያት ቁጥሮቹ ለማስታወቂያ ያላግባብ እየዋሉ መሆናቸውንና በብልቃጥ የተለካው አቅም በሰው ጤና ላይ ለሚያደርሰው ውጤት ማስረጃ አለመኖሩን የሚገልጽ ነበር። ሠንጠረዡ ከተነሣ በኋላም ቁጥሮቹ በየማሸጊያው ላይ መኖር ቀጥለዋል።

ከብልቃጥ ወደ ሰው የተሻገረው ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በዝርዝር ልናገረው የምፈልገውም እርሱን ነው። በ1980ዎቹ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ፣ በደማቸውም ቤታ ካሮቲን በብዛት የሚገኝ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ባነሰ መጠን እንደሆነ በርካታ ጥናቶች አሳዩ። ቤታ ካሮቲን አንቲኦክሲዳንት ነው። እንግዲያው ለአጫሾች እንክብሉን ብንሰጣቸው ይድናሉ ተባለ። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች በዕጣ ተመድበው ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሁለቱንም ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በ18 በመቶ ብልጫ በሳንባ ካንሰር ተይዘው ነበር። በአሜሪካ 18,314 አጫሾችን፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎችንና ከአዝቤስቶስ ጋር ይሠሩ የነበሩ ወንዶችን የያዘው ሁለተኛው ጥናት ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር ይሰጥ ነበር፤ የሳንባ ካንሰሩ በ28 በመቶ በመብለጡ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ከታቀደለት ጊዜ 21 ወር ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያም በ2012 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 78 ሙከራዎችንና ወደ 297 ሺህ የሚጠጉ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መዝኖ የአንቲኦክሲዳንት እንክብሎች ዕድሜን እንደሚያስረዝሙ ማስረጃ አላገኘም፤ እንዲያውም ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኢ ሞትን ጥቂት ሳይጨምሩ እንደማይቀሩ ገለጸ።

ካሮት መርዝ ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። ስኳር ድንች ለልጅ የምታበላ የወላይታ እናት፣ በተለይ ሥጋው ብርቱካናማ የሆነውን፣ በትክክል እያደረገች ነው፤ የቫይታሚን ኤ እጥረትን ለመከላከል ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምግብ ማግኘት ይከብዳል። ጥናቶቹ ያፈረሱት አንድን አስተሳሰብ ነው፦ ከምግብ ውስጥ አንዱን ንጥረ ነገር ነጥሎ፣ አብዝቶ፣ በእንክብል ቢሰጡት ምግቡ የሚሰጠውን ጥቅም ይሰጣል የሚለውን።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፍሪ ራዲካል ጠላት ብቻ አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳታችን ባክቴሪያን የሚገድሉት ሆን ብለው ራዲካሎችን በመርጨት ነው፤ ይህን የማድረግ ችሎታ በተፈጥሮ የጎደላቸው ልጆች በተደጋጋሚ ከባድ ኢንፌክሽን ይሠቃያሉ። ጡንቻም ሲሠራ የሚያወጣቸው ራዲካሎች ለሕዋሱ «ተጠናከር» የሚል መልእክት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን በተሠራ ሙከራ ለአራት ሳምንት ስፖርት ከሠሩ ወጣት ወንዶች መካከል ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት የወሰዱት፣ ስፖርቱ ለኢንሱሊን ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም ሳያገኙ ቀሩ። ሳይወስዱ የሠሩት አገኙ።

ከዚህም ሌላ የመጠን ጉዳይ አለ። ከአንድ ጽዋ ፍሬ የምናገኘው አንቶሳያኒን በአንጀት ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። ፖሊፌኖሎች በደም ውስጥ ያላቸው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሞላር አይበልጥም። ቫይታሚን ሲ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ወደ 50 ማይክሮሞላር ይደርሳል፤ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ዩሪክ አሲድ ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራል፤ እርሱም አንቲኦክሲዳንት ነው። በባልዲ ውኃ ላይ ጠብታ እንደ መጨመር ቁጠሩት። ይበልጥ የሚያስገርመው ነገር አለ፦ ሰዎች ፖም ከበሉ በኋላ በደማቸው ውስጥ የአንቲኦክሲዳንት አቅም ከፍ ብሎ ይታይ ነበር፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ምክንያቱን ሲፈልጉ ጭማሪው የመጣው ከፖሙ ፖሊፌኖል ሳይሆን የፍሬው ስኳር ፍሩክቶስ ዩሪክ አሲድን ከፍ በማድረጉ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ፍሬው በምን ይጠቅማል? ዛሬ ብዙ ማስረጃ ያለው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ሰውነታችን ራዲካልን የሚከላከልበት ዋናው ኃይል የራሱ ኢንዛይሞች ናቸው። አንዲት የካታሌዝ ሞለኪውል በሰከንድ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ትሰብራለች፤ ከፍሬ የመጣ ፖሊፌኖል ግን አንድ ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ያልቃል። የእጽዋት ፖሊፌኖሎች ለሕዋሳችን ባዕድ ነገሮች ናቸው፤ ሲገቡ ቀላል ማንቂያ ይደውላሉ። ኤንአርኤፍ-2 የተባለው ፕሮቲን ከታሰረበት ይፈታና ወደ ሕዋሱ ማዕከል ገብቶ እነዚያ የመከላከያ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ያዛል። ሁለተኛው ሥራ የሚሠራው በትልቁ አንጀት ነው። ያልተመጠጠው ብዙው ፖሊፌኖልና ቃጫ እዚያ ደርሶ በባክቴሪያዎች ይፈጫል፤ የሚወጡት ትንንሽ ሞለኪውሎች ወደ ደም ገብተው በደም ሥር ግድግዳ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲጨምርና ደም ሥሩ እንዲላላ ይረዳሉ። የእያንዳንዳችን የአንጀት ባክቴሪያ ስለሚለያይ ከአንድ ፍሬ ሁለት ሰው እኩል አይጠቀምም። ቃጫውና ባክቴሪያው በሐምራዊ እንክብል ውስጥ አይገኙም።

በሰው ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ስናይ ሥዕሉ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ቢሆንም ልከኛ ነው። በአሜሪካ 93,600 ነርሶችን ለ18 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳወጣው አንቶሳያኒን በብዛት ከምግብ የሚያገኙት ሴቶች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ጥቂት ከሚያገኙት በ32 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ዋናዎቹ ምንጮችም እንጆሪና ብሉቤሪ ነበሩ። ከዚያ በፊት በሌላ የነርሶች ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 16,010 ሴቶች ሲመረመሩ እነዚህን ፍሬዎች የሚያዘወትሩት የማስታወስ ችሎታቸው የሚያዘግመው ቀስ ብሎ ነበር፤ ልዩነቱ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል እርጅናን እንደማዘግየት ተገምቷል። ነገር ግን ብሉቤሪ የሚያዘወትር ሰው በአብዛኛው የሚራመድ፣ የማያጨስ፣ ገቢውም ደህና የሆነ ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ይጥራሉ፤ ስሌት ግን ሁሉንም አያጠራም። ቤታ ካሮቲንም የጀመረው እንዲህ ባለ ጥናት እንደነበረ አትርሱ።

ስለዚህ በዕጣ የተመደበ ሙከራ ያስፈልጋል። ከሁሉ የምወደው እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የወጣውን ነው። ወፍረትና ተያያዥ የደም ስኳርና የስብ ችግር ያለባቸው 115 ሰዎች ለስድስት ወር በየቀኑ የአንድ ጽዋ ብሉቤሪ ያህል ደረቅ ዱቄት፣ የግማሽ ጽዋ ያህል፣ ወይም በቀለምና በጣዕም የሚመስል ባዶ ዱቄት ወሰዱ። አንድ ጽዋ የወሰዱት የደም ሥራቸው የመላላት ችሎታ ተሻሻለ። ግማሽ ጽዋ ምንም አላመጣም። የኢንሱሊን ሥራ ግን፣ ጥናቱ ዋና ዓላማው ያደረገው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በአንዱም አልተሻሻለም፤ የደም ግፊትም አልቀነሰም። ከወጪው ከፊሉን የሸፈነው የብሉቤሪ አምራቾች ማኅበር መሆኑን ብጨምርላችሁ ውጤቱ እንደ ወጣ መታተሙን ይበልጥ ታደንቃላችሁ። ቅድም ያነሣኋቸው አዛውንት መድኃኒታቸውን የተዉት እንግዲህ ለስድስት ወር በጥንቃቄ በተሠራ ሙከራ ያልታየ ጥቅም ተስፋ አድርገው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። አሜሪካዊው ከብዙ ምግብ ላይ ብሉቤሪ ልጨምር ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ጥያቄ ፍሬ የሚባል ነገር በማዕዳችን ላይ አለ ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ ከመቶ 97 የሚበልጡ አዋቂዎች የሚመከረውን የአትክልትና የፍራፍሬ መጠን አይመገቡም ነበር። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ የአመጋገብ ደረጃ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቆጮ፣ ቦቆሎ፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ሆድ ይሞላሉ፤ ከጎናቸው ጎመንና ዳጣ ሲኖር ደግሞ ቫይታሚኑም ይገኛል። ፍሬ ግን እንደ ምግብ አይቆጠርም።

እኔ ያደግሁት በኪንዶ ዲዳዬ፣ ከሃላሌ ብዙ ባልራቀ መንደር ነው። ከብት ስናግድ የትኛው ቁጥቋጦ ቀድሞ እንደሚበስል እናውቅ ነበር፤ የአጋም ነጭ ሙጫ ከንፈራችን ላይ ተጣብቆ ወደ ቤት እንገባ ነበር። ባለፈው ክረምት ሃላሌ ገበያ ወርጄ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ አየሁ፤ አጋም ወይም ዶቅማ የያዘ አንድም ሻጭ አላየሁም። አንዲት እናት ብጠይቃቸው «የእረኛ ምግብ ማን ይገዛል ልጄ?» ብለው ሳቁብኝ። ሳቁ ትክክለኛ ምርመራ ነው። እረኛው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ መልካም ነው። የግጦሽ መሬቱ ታርሷል፤ በወላይታ ያለው የሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ከፍተኛዎቹ አንዱ ስለሆነ ገበሬው ሌላ ምርጫ የለውም። የአጋምና የኮሸም አጥር ተነቅሎ በቦታው ባሕር ዛፍ ወይም ቆርቆሮ ቆሟል። ልጁ ግን እረኛ ሳለ በነፃ ያገኘው የነበረውን ፍሬ የሚተካለት ነገር አልመጣም፤ በምትኩ ከረሜላና ብስኩት መጥቷል።

ሁኔታው ሊቀለበስ እንደሚችል በዚሁ ዞን አይተናል። በሁምቦ፣ የተራቆተ ተራራማ መሬት 2,728 ሄክታር ከግጦሽና ከቆረጣ ተከልሎ ከቀሩት ጉቶዎችና ሥሮች የሚያቆጠቁጡት ቡቃያዎች እየተመረጡ እንዲያድጉ ተደርጓል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መርሐ ግብር ተመዝግቧል፤ ገቢውም ለአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ይደርሳል። ስለ ሁምቦ ሲጻፍ ካርቦኑ ይቆጠራል። ከቁጥቋጦው ጋር የሚመለሰውን ፍሬ ስንት ልጅ እየበላው እንደሆነ የሚቆጥር የመመረቂያ ጽሑፍ ቢመጣልኝ ከአሥር የዲፒፒኤች ሥራ አስበልጬ አነበዋለሁ።

«ሥነ ምግባችንን የዱር ቁጥቋጦ ያሻሽለዋል ወይ?» የሚል ካለ ታሪክ ያስታውሰው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ብርቱካን ከባሕር ማዶ ማስገባት ሲያዳግታት ከ1941 ጀምሮ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ በሴቶችና በትምህርት ቤት ልጆች እያስለቀመች፣ ሽሮፕ እያደረገች፣ ለሕፃናት የቫይታሚን ሲ ምንጭ አድርጋ ሰጥታለች። ያ ፍሬ የቀጋ የቅርብ ዘመድ ነው።

አሁን «አዘውትሮ» ስለሚለው ቃል። የዱር ፍሬ ወቅት አለው፤ ዓመቱን ሙሉ አጋም ብሉ ብል ቀልድ ይሆናል። ማዘውተር ማለት በየወቅቱ ያለውን ባለ ቀለም ፍሬ እየተኩ መብላት ነው። እንጆሪ በጠፋ ጊዜ ዘይቱን አለ፤ በመቶ ግራም ወደ 228 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይዟል፤ እንጆሪ ወደ 59፣ ብርቱካን ወደ 53 ነው። በሶዶ ገበያ ከዘይቱን የረከሰ ፍሬ ብዙ አይገኝም። ከእህሉ ጋር መብላት ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ቫይታሚን ሲ በጎመንና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በአንጀት እንዲመጠጥ በእጅጉ ይረዳል፤ ደም ማነስ ላለባት ሴት ይህ ከማንኛውም የአንቲኦክሲዳንት ወሬ ይበልጣል። ቫይታሚን ሲ ግን እሳትና ረጅም ቆይታ አይችልም። ማርማላታ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ ለጣዕም እንጂ ለጤና ብላችሁ አትሥሩት። የማታውቁትንም ፍሬ ለልጅ አትስጡ፤ እምቧይም ክብና ቢጫ ነው፤ የአውጥ ፍሬም አረንጓዴ ሳለ ሶላኒን የተባለ መርዝ አለው።

የመመረቂያ ርዕስ የምትመርጡ ተማሪዎች ሆይ፤ ዲፒፒኤችን ተዉ አልላችሁም። ከእርሱ ጎን ቫይታሚን ሲን ለብቻው ለኩ፤ የበሰለውንና ያልበሰለውን ለዩ፤ ፍሬው ከተለቀመ ከአንድ፣ ከሦስትና ከሰባት ቀን በኋላ ምን እንደሚቀረው እዩ፤ በጥላና በፀሐይ የደረቀውን አወዳድሩ። ለአንዲት እናት የሚጠቅማት መልስ ከዚያ ይወጣል። የመደምደሚያውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ስትጽፉ ደግሞ ከለካችሁት በላይ አትጻፉ፤ ፈታኝ ሆኜ ከመጣሁ በመጀመሪያ የማነበው እርሱን ነው።

(ከአዳራሹ የቀረበ ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ቡናም ፍሬ ነው፤ ብዙ አንቲኦክሲዳንት አለው ይባላል። እኛ ወላይታዎች ደግሞ ቅጠሉንም እንጠጣለን። ይህስ በፍሬ ፈንታ አይቆጠርም ወይ?»)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቡና ክሎሮጀኒክ አሲድ በተባለ ፖሊፌኖል ሀብታም ነው፤ ቡና አዘውትሮ በሚጠጣ ሕዝብ ዘንድ ከፍተኛው የፖሊፌኖል ምንጭ እርሱ ነው። ቅጠሉም ክሎሮጀኒክ አሲድና ማንጂፌሪን አለው። በዲፒፒኤች ብትለኩት ከብዙ ፍሬ ይበልጣል፤ ይህም ስለ መለኪያው የተናገርኩትን ያጠናክርልኛል። በፍሬ ፈንታ ግን አይቆጠርም፤ በስኒው ውስጥ ቃጫም ቫይታሚን ሲም የለም። በዚያ ላይ የቡና ፖሊፌኖል ከምግብ የሚገኘውን ብረት ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጠጣ ቡናው ምንም አልቀነሰም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን የቀነሰው ከምግቡ ጋር የተጠጣውን ያህል ነው። ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ወይም የሚያጠቡ እናት ካሉ ቡናው ከምሳው ቀደም ብሎ ይፈላ፤ ከምሳው በኋላ ዘይቱን ይቅረብላቸው።